እትዬ ተቃውሞ እሺ ያሉ ቀን

ሴቶች በማኅበር በተሰበሰቡበት ሁሉ አንዲት እትዬ ተቃውሞ አሉ። እሳቸው የሌሉበት ማኅበር ገና አልተመሠረተም ማለት ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ቢባሉ «ማን ወሰነ? በቃለ ጉባኤ ተይዟል?» ይላሉ።

የዚህኛው ሰፈር ሴቶች ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የሕፃን ስለሆኑ ትልልቅ ሴቶች ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ይቀመጣሉ። ክብርት እትዬ ተቃውሞ ግን መቀመጥ አያበዙም። በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸውና ድምፃቸው ያለ ስልክም ሁለት ከተማ ያሻግራል።

መጋረጃው ይቀየር ሲባል «እቃወማለሁ!» እሺ አይቀየር ሲባል «እሱንም እቃወማለሁ፤ ያደፈ መጋረጃ ሥር ማን ይቀመጣል?» የታመመች አባል እንጠይቅ ሲባል እንኳ «ሃያ ሦስታችን ባንዴ ገብተን ልንጨርሳት ነው?» ብለው በሁለት በሁለት እንዲኬድ አስወስነዋል። ኧረ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ እሱስ ላይ ልክ ነበሩ። ሰብሳቢዋ ልብስ ሰፊ ዘጠኝ ዓመት ስትሟገታቸው ግማሽ ፀጉሯ ሸበተ። «አምላኬ፣ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ምላሳቸውን ያዝልኝ» ብላ የጸለየችው ስንቴ ነው!

ከዚያ ያ በሽታ መጣና ሰው ሁሉ በየቤቱ ተዘጋበት። ክፍሉ ዓመት ከአራት ወር ተቆለፈ። እንደገና ሲከፈት ከሃያ ሦስቱ የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። ሦስቱ ሞተዋል፣ የቀሩት ወይ ፈርተዋል ወይ ሰፈር ለቀዋል። ከሟቾቹ አንዷ የእትዬ ተቃውሞ ታናሽ እህት ናት፤ ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር የኖሩ እህትማማች። ጓንት ያጠለቁ አራት ወንዶች ቀበሯት። ከማኅበሩ አንድ ሰው አልቆመላትም፤ ተከልክሎ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ማስኳን አስተካክላ ስብሰባውን ከፈተች። «ለጥንቃቄ መስኮቱ ክፍት ይሁን?» አለችና እንደ ልማዷ ለጭቅጭቁ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እስማማለሁ» አሉ እትዬ ተቃውሞ፣ ቁጭ እንዳሉ።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። ቀና ብላ አየቻቸው። ራሷ የሰፋችላቸው ቀሚስ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በዓይኗ ስትለካው አራት ጣት ያህል ጨርቅ ተርፏል። እናቷም እንዲህ ነበሩ። ከምግቡም ከአልጋውም ጋር ሲጣሉ ኖረው አንድ ሰኞ ለሁሉም ነገር «እሺ» ማለት ጀመሩ፤ ሦስት ሳምንት አልቆዩም። እኚህም እየሄዱ ነው አለች በሆዷ፤ ፍርሃት ያዛት።

«ስብሰባው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሁን?» አለች፣ ሆን ብላ ልትተነኩሳቸው።

«እሺ።»

«ወንበሮቹን አውጥተን ቆመን እንሰብሰብ?»

«ይሁን፣ እናንተ ካላችሁ።»

ጸሐፊዋ ፀጉር ሠሪ ነገሩ ገባትና «ባሎቻችንም አባል ይሁኑ!» ብላ ጣል አደረገች። ወይ ጉድ፣ ለዚህም ዝም!

ከአባላቱ አንዷ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ምንም አልገባትም። ምስኪን፣ ከልቧ ነው፤ ተነስታ ለሟቿ እህት በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርላት የጻፈችውን አነበበች። «ዝምተኛ፣ ታጋሽ፣ ያሏትን ሁሉ እሺ ባይ ነበረች።»

ትንሿ ወንበር ተገለበጠች።

«እቃወማለሁ!» እትዬ ተቃውሞ ቆመዋል። «እሺ ባይ? የኔ እህት? አከራያችንን በጫማ ያባረረች ሴት እኮ ናት! እሺ ባይ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ሆስፒታል ስትገባ እኔን በር ላይ መለሱኝ፤ በስልክ ‹እንደ እኔ አትሁኚ፣ አትጨቃጨቂ፣ ያሉሽን ሁሉ እሺ በያቸው› አልኳት። ኮሪደር ላይ ጠብቂ አሏት፤ እሺ አለች። ኦክስጅኑ ተራሽ ሲደርስ ነው አሏት፤ እሺ አለች። ተራዋ ሳይደርስ ነጋ። ዕድሜዬን ለመጋረጃ ስጮኽ ኖሬ፣ መጮኽ በነበረብኝ ቀን ዝም በይ አልኳት። ከእንግዲህ እኔ ምን አፍ አለኝ?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ወረቀቷን እየጨበጠች ታለቅሳለች። «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም እኮ፣ እትዬ» አለች።

«እቃወማለሁ» አሉ፤ አሁን በቀስታ።

ልብስ ሰፊዋ ማጽናናት አታውቅበትም። የምታውቀው ስብሰባ መምራት ብቻ ነው።

«ድምፅ እንስጥበት» አለች። «ጥፋቱ የእትዬ አይደለም የምትሉ?»

አሥር እጅ ወጣ።

«ነው የምትሉ?»

አንድ እጅ፣ የራሳቸው። ማስካቸው በእንባ እስኪርስ ድረስ እጃቸውን አላወረዱም።

ፀጉር ሠሪዋ «በአሥር ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል» ብላ ጻፈች።

«ልክ አይደለም» አሉ እትዬ ተቃውሞ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «እየተለቀሰ የተሰጠ ድምፅ ድምፅ አይባልም። ይግባኝ እላለሁ።»

«ለመቼ ይያዝልዎ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የተገለበጠችውን ወንበር አነሱ። «ለቅዳሜ» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን ከጸሐፊዋ እጅ ነጥቃ ለሚመጣው ቅዳሜ አንደኛ አጀንዳ አድርጋ ጻፈችው። ሌላ አጀንዳ አላስያዘችም።