ሳይጠየቁ የሚረዱት ጋሽ ሁሴኖ

በየከተማው ሳይጠይቅ የሚረዳ ሰው አይጠፋም። የእኛ የአሰላው ግን ይብሳል። ክቡር ጋሽ ሁሴኖ ጡረተኛ ሹፌር ናቸው፤ ክራንች የያዘ ሰው ካዩ የጀመሩትን ምሳ ጥለው ይነሳሉ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሄደው በሁለት ክራንች ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ለጋሽ ሁሴኖ ግን "ኢንተላ ኮ" ነኝ፤ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለታቸው ነው። "ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ!" ሳይሉኝ አያልፉም። ምን ሆኜ ነው የምጽናናው?

አንድ ቀን ባጃጅ ስጠብቅ ክንዴን አፈፍ አድርገው አስፋልቱን አሻገሩኝ። መሻገር አልፈለግሁም ነበር። ባጃጁ መጀመሪያ በቆምኩበት በኩል መጥቶ ሄደ። ሌላ ጊዜ የበቆጂ ሚኒባስ ውስጥ "ለዚህች ምስኪን ቦታ ልቀቁ!" ብለው ጮኹ። ተቀምጬ ነበር።

ይህን ሁሉ ቻልኩ። ባለፈው ጥቅምት ግን መናኸሪያው በር ላይ የራሴን ፎቶ አየሁ። ትልቅ ባነር ነው፤ "ይህችን አቅመ ደካማ እህታችንን እንታደግ" ይላል። ጋሽ ሁሴኖ ድምፅ ማጉያ ይዘው ይለምኑልኛል። ተማሪዬ ዳናዊት ካርቶኑ ውስጥ ብር ልትከት ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በዚያው ሳምንት በፈተና ዜሮ የሰጠኋት ልጅ አዘነችልኝ!

"ማን ፈቀደልዎት?" አልኳቸው።

"ለአንቺ ብዬ እኮ ነው፣ ኢንተላ ኮ።"

"ምን ያስፈልግሻል ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ? ትምህርት ቤቱ ክፍሌን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አድርጎታል። ወደ ምድር አውርዱልኝ እያልኩ ሦስት ዓመት ደብዳቤ ጻፍኩ። እርስዎ ደግሞ ፎቶዬን ሰቅለው ሕዝብ ያስለቅሳሉ!"

ሰው ከበበን። ጋሽ ሁሴኖ ባነሩን በገዛ እጃቸው አወረዱ። እኔም ከንዴቴ ብዛት እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

"ርዕሰ መምህሩ ጋ ልግባልሽ? ወይስ ይቅር?"

ጠየቁኝ! ንዴቴ ግን አልበረደም። "አብረን እንገባለን። የምናገረው እኔ ነኝ። 'ምስኪን' ካሉ ጥዬዎት እወጣለሁ" አልኳቸው።

ገባን። ተናገርኩ። እሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ርዕሰ መምህሩ እንደ ልማዱ "እናየዋለን" አለ። እኔ ልወጣ ተነሳሁ፤ ጋሽ ሁሴኖ አልተነሱም።

"እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራ የለኝም" አሉ። "እስክታዩት እዚህ እጠብቃለሁ።"

አራት ቀን ሙሉ ቢሮው በር ላይ ተቀመጡ። በአምስተኛው ቀን ክፍሌ ምድር ወረደ።

ስለ ፎቶው ዛሬም ይቅር አላልኳቸውም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። "ልክ ነሽ" አሉኝ፤ አንገታቸውን ደፍተው።

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ነበር። ጭቃው አንሸራትቶ ጣለኝና አንዱ ክራንቼ ተሰበረ። አላፊ አግዳሚው ሊያነሳኝ ተሯሯጠ። ቆዩ አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ።

"ጋሽ ሁሴኖ፣ ወድቄያለሁ፤ ይምጡልኝ።"