ያልተከፈተው የኖራ ጆንያ

ሰው ሁሉ እናንተን እያየ መኖር ከባድ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያው አንድ ዓመት የገበሬ ቡድን መሪ ሁኑና ሞክሩት።

እኔ ፈንታሁን፣ ጎጃም ውስጥ አምበር ከተማ አጠገብ ባለች መንደር የሠላሳ አባወራ ቡድን መሪ ነኝ። መሪነቱን ያገኘሁት ጤፍ በመስመር መዝራት የመጣ ጊዜ ነው። ያኔ ሁሉም ሲስቅ እኔ ዘራሁ፤ ምርቱም ሸጋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ አንድ ልማድ ያዘ። ፈንታሁን ካልዘራ አይዘራም፣ ፈንታሁን ካላጨደ አይታጨድም። አንድ ዓመት ወገቤን አሞኝ ሦስት ቀን ብተኛ፣ አገሩ ሁሉ ሦስት ቀን ሞፈር ሳያነሣ ዋለ። አያ ፈንታሁን ያለ ነገር አይተኛም ተባለ። እኔም ወገቤን ነው ለማለት አፈርኩ። ክብር ደስ ይላል እኮ።

ታዲያ ክብር ሲበዛ ጆሮ ይደፍናል። አምና ግንቦት ላይ ደብረ ማርቆስ ሥልጠና አለ ተብሎ ተጠራሁ። ስለ ኖራ ነው አሉ፤ ያ የኮመጠጠ መሬት ያክማል የሚባለው ነጭ ዱቄት። አርባ ዓመት ያረስኩ ሰውዬ፣ ጢም ገና ያላበቀለ ባለሙያ ስለ አፈር ምን ሊነግረኝ ነው አልኩና ቀረሁ። ከመንደራችን የሄደችው እናትነሽ ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ወንድሟ ነው የሚያርስላት፤ ስብሰባ ላይም ጫፍ ይዛ ነው የምትቀመጠው።

ኖራው መጣና ለየቤቱ ታደለ። ጆንያዎቹን ደጅ፣ ከቤቴ ግድግዳ ሥር ደረደርኩና ቆሜ አየኋቸው። መቼ ነው የሚበተነው? ከዘሩ ጋር? ከዘሩ በፊት? ከማዳበሪያው ጋር ተደባልቆ ይሆን? እንጃ። ዝናብ እንዳያገኘው ብዬ በፕላስቲክ ሸፈንኩት። በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወርድ ምን ባይ ጥሩ ነው? የመንደሩ ጆንያ ሁሉ በየደጁ በፕላስቲክ ተሸፍኗል።

እናትነሽ ግን በዚያው ሳምንት በተነችው። ሰዉ ሳቀባት፤ መሬት ዱቄት ይበላል ወይ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። የእኔ ሳቅ የፍርሃት ነበር፤ እነሱ ደግሞ የሳቁት እኔ ስስቅ አይተው ነው።

ሰኔ ገባ። ጆንያው እንደተሸፈነ ነው። ያገኘሁት ሰው ሁሉ ጊዜውን እየጠበቁ ነው አይደል አያ ፈንታሁን ይለኛል። እኔ ደግሞ ቀና ብዬ ሰማዩን አይና “እህ” እላለሁ። እህ ምን ማለት ነው? እኔም አላውቀው። እነሱ ግን ይዘውት ይሄዳሉ። የእኔ ማሳ ቢከሽፍ አንድ ቤት ነው፤ ሠላሳ ቤት በእኔ “እህ” ቢራብ ግን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? አባቴ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲል እሰማ ነበር። ለቄሶች ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እኔም ጨንቆኝ በጠራራ ፀሐይ እናትነሽ ቤት ሄድኩ። በግ ጠፍቶብኝ ነው ብዬ ጀመርኩ። በግ የሚባል ነገር የለኝም፤ እሷም ታውቃለች።

“አያ ፈንታሁን፣ ስለ ኖራው ከሆነ ይቀመጡ” አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ኖራው ከዘር በፊት አንድ ወር ያህል አፈር ውስጥ መሰንበት አለበት አለች፤ እንደተበተነም ወዲያው ታርሶ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም ብላት፣ “እርስዎ እያወቁ የተውት መስሎኝ፣ እኔው መበተኔን ስጠራጠር ነው የከረምኩት” አለች። ጉድ እኮ ነው፤ የምታውቀዋንም ላሳስታት ነበር።

ጤፍ የምንዘራው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። ቀኑን ብቆጥረው ለጥቂት ይደርሳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ሰብስቤ ፊታቸው ቆምኩ። አላውቅም ነበር አልኳቸው። ሥልጠናውን ንቄ ቀረሁ፣ የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ አቆየኋችሁ፣ የምታውቀው እናትነሽ ናትና እሷን ስሙ አልኩ። መሪነቴ እዚያው ያበቃ መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ግን ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው “አየህ ትሕትናውን? ሲፈትነን ነው የከረመው” ሲሉ ሰማሁ። ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ? ብቻ በዚያው ሳምንት ሁሉም በተነ። እናትነሽ ከማሳ ማሳ እየዞረች ታሳያለች፤ እኔ ከኋላዋ፣ የቀረው ሰው ከእኔ ኋላ። ጤፉም አላሳፈረንም።

ዘንድሮ ሌላ ሥልጠና ተጠራ። ጎህ ሲቀድ ሚኒባስ ላይ ነበርኩ። ደብረ ማርቆስ ገብቼ አዳራሹ ውስጥ ፊት ወንበር ያዝኩ። ከኋላዬ መንደሩ በሙሉ ተደርድሯል፤ እኔ ከሄድኩ መቼ የሚቀር አለ? አሠልጣኙ ስለ አዲስ ዘር ሲያስረዳ ቆየ። አንድም ነገር አልገባኝም። እንደገባው ሰው ራሴን ልነቀንቅ ስል ያ ፕላስቲክ ትዝ አለኝ። እንደምንም ብዬ እጄን አነሣሁ።

አሠልጣኙ እኔን ትቶ ከኋላዬ ያያል። ዞር ብል ሁሉም እጁን አንሥቷል። ያላነሣችው እናትነሽ ብቻ ናት፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

“እሺ፣ የሁላችሁም ጥያቄ ምንድን ነው?” አላቸው።

ሁሉም እኔን ያያሉ።