ዘንጂባር ልሄድ ተነስቼ ቱሉ ጉዶ

ሰው ነገሩ የሚበላሽበት ገና ሳይነሳ የት እንደሚያድር መምረጥ ሲጀምር ነው። ድሮ መንገደኛ የት ያድር ነበር? የመሸበት። ምን ያይ ነበር? ፊቱ ያለውን። በዚህ ጤናማ ሥርዓት ስንት ዘመን ተኑሮ፣ ባቡር የሚባል ነገር መጣና ሰውን ማማረጥ አስለመደው። እኔን በተለይ አጠፋኝ።

የማወራችሁ ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት ነው። አዳማ ያኔ ባቡሩ ሲደርስ የምትነቃ፣ ባቡሩ ሲሄድ ተመልሳ የምታንቀላፋ ትንሽ ከተማ ነበረች። እኔ ከጣቢያው ፊት ለፊት ጨውና ላምባ እሸጣለሁ። ሱቅህ ለገበያ ይመቻል ይሉኛል፤ እውነቱን ለመናገር የሚመቸው ለወሬ ነው። ከጅቡቲ የመጣ መንገደኛ እግሩን ሊያፍታታ ሲወርድ ጠብቄ እይዘዋለሁ። ባሕሩን አየኸው? ደሴት አለው? ደሴቱ ላይ የት ይታደራል? ምን ይታያል? ባቡሩ ጮኾ እስኪጠራው ድረስ አልለቀውም።

ከሁሉ የባሰ ያበላሹኝ ግን ጎረቤቴ ሐጂ ዑመር ናቸው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ይነግዳሉ። ከመካ ሲመለሱ በየትኛው መርከብ እንደተሳፈሩ ለራሳቸውም እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ ብቻ ጅቡቲ እወርዳለሁ ሲሉ ዘንጂባር ወረዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ሐጂ ግን እዚያው ከርመው፣ ወፍረውና አምሮባቸው ተመለሱ። ዘንጂባር እንግዲህ ደሴት ነው። ገና ከመርከብ ሳይወርዱ ቅርንፉዱ ያውዳል፣ የየቤቱ መዝጊያ የተቀረጸ እንጨት ነው ይላሉ። የት ልደር ሐጂ ስላቸው፣ ባሕሩ ዳር ብታድር ነፋስ አለልህ ግን ማዕበሉ አያስተኛህም፣ ከተማው መሃል ብታድር ትተኛለህ ግን ሙቀቱ አይጣል ነው ይሉኛል። ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠን በዚህ ስንከራከር እንውላለን። ተከራክረን ተከራክረን ባሕሩ ዳር ወሰንኩ። ፎቅ ቤት፣ መስኮቱ መርከቦቹን የሚያይ። አዳማ ተቀምጬ ዘንጂባር ላይ ማደሪያ ከመረጥኩ በኋላ ምን ቀረኝ? መሄድ ብቻ።

ባለቤቴ አስካለ ይህን ሁሉ ከጓዳ ትሰማለች። ለእሷ ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ በዚያው ባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከላከባት ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ባቡሩ ሲጮህ ፊቷ ልውጥ ይላል። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ጥቅምት ሲወጣ እሄዳለሁ ብዬ የቆረጥኩት። ባል ሲባል አንዳንዴ እንዲህ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ደሴት ከሆነ ያማረህ ዝዋይም እኮ ደሴት አለ አለችኝ። ባሕሩን ከመድፈርህ በፊት ለምን ሐይቁ ላይ አትለማመድም? እኔም እዚያው ደሴቱ ላይ ላለችው ለቱሉ ጉዶ ማርያም የማገባው ስለት ስላለኝ አብሬህ እሄዳለሁ አለች። እኔ ሞኙ ምክር መሰለኝ። ለመሆኑ የምን ስለት ነው ብላት፣ ስለት ሳይደርስ አይነገርም ብላ አፌን አስያዘችኝ። ይህስ እውነቷን ነው፤ የተሳሉትን አስቀድሞ ማውራት ስለቱን ያበላሸዋል ይባላል። ወዲያው ከሐጂ ሱቅ ቀይ ከፋይ ጃንጥላ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ገዝታ መጣች። በአገሩ ያለውን ክርስቲያን ሁሉ የስለት ጃንጥላ የሚሸጡለት እኚሁ ሐጂ ናቸው።

ጃንጥላውን በነጠላ ጠቅልዬ በበቅሎዬ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። በሞጆ አድርገን መቂን እስክናልፍ ድረስ እኔ የማስበው ስለ መንገዱ አልነበረም። ለእናቷ ጉልበት ይሆን? እናቷ እንደሆነ አሁንም በምርኩዝ ናቸው። ወንድሟ እንዳልል አልመጣም። ሰው ምን እንደሆነ ያላወቀውን ነገር ያን ያህል መንገድ ሲሸከም እንዴት እንደሚያሳክከው የደረሰበት ያውቀዋል።

ሐይቁ ዳር ከደሴቱ ሰዎች አንዱን፣ ደንገል ታስሮ የተሠራ ታንኳ ያለው ጎልማሳ አገኘን። አካም ጂርታ ተባብለን ሳንጨርስ የለመድኩትን ጥያቄ ጀመርኩ። ከደሴቶቹ ለማደር የቱ ይሻላል? ዘመድ ያለህ የት ነው አለኝ። የትም የለኝም። እንግዲያው መጀመሪያ ውሻ የጮኸብህ ቤት ታድራለህ አለ። በዘንጂባር ጉዳይ ስንት ቀን የፈጀሁበትን ጥያቄ ይህ ሰው መቅዘፊያውን ሳያስቀምጥ ጨረሰው። ምን ይታያል ብለውስ? ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ ዛሬማ የምትታየው አንተ ነህ አለኝ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ነፋስ ተነሳ። ታንኳው እንደ ሰካራም ይወላገድ ጀመር፤ ውኃው በደንገሉ መሃል እየሰረገ ቂጤን አራሰኝ። ይህ ሳያንስ ጉማሬ ከፊታችን ራሱን ብቅ አደረገ። እኔን አየ፣ ጆሮውን አራገበ፣ ሌላ ምንም አላደረገም። እኔ ግን ድንግል ማርያምን፣ ከዚህ ካወጣሽኝ ሁለተኛ ውኃ ላይ አልወጣም፣ ዘንጂባርም በአፍንጫዬ ይውጣ ብዬ ጮህኩ። አስካለ ምንም ሳትደነግጥ፣ ምን አልክ? እስቲ ድገመው አለችኝ። ደገምኩት። ወደ ባለታንኳው ዞራ ሰምተሃል አለችው። ሰምቻለሁ አለ።

ቱሉ ጉዶ ስንወጣ መጀመሪያ የጮኸብን የአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ውሻ ነበር፤ እዚያው ገባን። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። ከዚያ የደሴቱ ሰው እየመጣ ያየን ጀመር። የሸማኔው ሚስት ጠጋ ብለው፣ አዳማ እንግዳ የት ያድራል፣ ምን ይታያል አሉኝ። ባቡር ይታያል አልኩ። ዙሪያውን ውኃ አለው? የለውም። ታዲያ ጠላት የመጣባችሁ ለት ወዴት ትገባላችሁ ብለው ከልባቸው አዘኑልን።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሕዝቡ ቆሞ፣ ቄሱ ጃንጥላውን ዘረጉና የስለቱን ምክንያት አሰሙ። የአዳማዋ አስካለ፣ ባለቤቷ ባሕር መሻገሩን ቢተውላት ጃንጥላ ልታገባ ተስላ፣ ይኸው ትናንት ሐይቁ መሃል ሰመረላት አሉ። እልልታው ቀለጠ። እኔም ከሕዝቡ ጋር እያጨበጨብኩ ነበር፤ ወሬው ጆሮዬ የደረሰው እጄ ካጨበጨበ በኋላ ነው። ትናንት ሰመረ? ጃንጥላው ታዲያ ከአዳማ ስንነሳ የተገዛው በምን ተማምና ነው? ደሜ ፈላ። ዞር ብዬ ሳያት ግን አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየተንሰቀሰቀች ነው። ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ባሕሩ አንድ ሰው ወስዶባት፣ ሁለተኛውን እኔው በእጄ ላቀብለው ነበር። አፈርኩ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሁለተኛ ውኃ ላይ አልወጣም ብዬ የማልሁት ሰውዬ ያለሁት ደሴት ላይ ነው። ቄሱን፣ አባ ምን ይሻለኛል ብላቸው፣ የመመለሻው ውኃ የመሄጃው ቀሪ ነው፣ እንደ አንድ ይቆጠራል ብለው ገላገሉኝ። ከመውረዴ በፊት ግን እዚያው ደጀ ሰላም ቆሜ፣ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ፣ እኔም ተሳልኩ።

ከዚያ ወዲህም ባቡር ሲመጣ መንገደኛ ይዤ እጠይቃለሁ። ጥያቄው ብቻ ተለውጧል። ወደቡ ላይ ምን አየህ ማለት ትቼ፣ ማንን አየህ እላለሁ፤ ረዘም ያለ፣ የሸዋ ሰው፣ መርከብ ላይ የሚሠራ። ይህን የምጠይቀው አስካለ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ነው። ስለት ሳይደርስ አይነገርማ።

አንድ ቀን ሳጥኔን ከፍታ፣ በድብቅ የገዛሁትን አዲስ ቀይ ጃንጥላ አገኘችው። ይሄ ደግሞ የምንድን ነው አለችኝ። ስለት ሳይደርስ አይነገርም አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ፤ ዳግም ባሕር ያማረኝ መስሏታል። በማግሥቱ ሐጂ ሱቅ ብገባ፣ አስካለ ሌላ ጃንጥላ እያማረጠች ነው።