አስካለ በአውቶቡሶች ፊት

ሌሊቱን ደምሰው በሕልሙ አውቶቡሶች ሰው ሲሰበስቡ አየ። ደምሰው ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ ሾፌርነት ጨርሶ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መዳፍ የሚያክሉ የብረት ሞዴል አውቶቡሶች ይሰበስባል፤ የአንዱ ስፖኪዮ ከተንጋደደ ያን ቀን ምሳ አይበላለትም። አሁን ግን መዳፍ አክሎ መደርደሪያ ላይ የቆመው እሱ ነው። አንድ ቀይ አውቶቡስ በዝናብ መጥረጊያው አጉሊ መነጽር ይዞ ያገላብጠዋል።

«ቀለሙ ደህና ነው፤ ጆሮው ግን ተጋንኗል» አለ አውቶቡሱ። «ዋናው ሰው እንዲህ ያለ ጆሮ አለው?»

«ጌታዬ፣ ዋናው እኮ እኔ ነኝ።»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚለው።»

ቢሆንም አለፈ። አዲስ ሶፋ ከነላስቲኩ ዓመት የሚቀመጥበት አገር ሰው አይደል? እሱም ከነላስቲኩ ነበር፤ ወደ መስታወት ቁምሳጥን ተመደበ።

ቀጥሎ ሚስቱ አስካለ ቀረበች። ላስቲክ የላትም።

«ይቺ ማሸጊያዋ ተከፍቷል። አገጯ ተጭሯል፣ ጉልበቷ ይንቋቋል፣ በሯም አይዘጋም» አለ አውቶቡሱ። አፏን ማለቱ ነው፤ አስካለ ይሄን ጊዜ ሁሉ የጎረቤት ሰርግ ታወራለት ነበር። «ለቆራሌ ትሰጥ።»

ደጅ ላይ ጆንያ ያዘለች ፍየል «ቆራሌው» እያለች ትጣራለች። ደምሰው ወደ መደርደሪያው ጫፍ ተጠጋ። ያለ አስካለ ቁምሳጥን ምን ያደርግለታል?

«ጭረቱን አይንኩብኝ ጌታዬ» አለ። «አውቶቡሴ እንዳያመልጣት ስትሮጥ ወድቃ ነው። ከሥራ ብባረርም ልባረር ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት፤ የተዋወቅነው ያኔ ነው። ያ ጭረት ባይኖር አስመስለው የሠሯት ናት እል ነበር።»

«ላስቲኩስ?»

«የእኔም ይቀደድ። ሁለታችንንም ለቆራሌ ይስጡን።»

ላስቲኩን በጥርሱ ያዘው፤ አልቀደድ አለ። «ቅደዱት፣ ላስቲኩን ቅደዱት» እያለ ጮኸ። ወዲያው ጠር ብሎ ሲቀደድ ተሰማና ደምሰው ነቃ።

አስካለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ አንድ ቀን እንኳ ከካርቶኑ ያልወጣው፣ እሱ ሲነዳው የኖረው አውቶቡስ ሞዴል አለ። ላስቲኩ ተቦጫጭቋል።

«ምን አደረግሽኝ አስካለ?»

«ቅደዱት እያልክ ስትጮህ ምን ላድርግ? ቀደድኩልህ።» አውቶቡሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ በመስኮቱ አጮለቀች። «እንከን የለውም ያልከኝ ይሄን ነው? ሾፌሩ የታለ? አንተ የሌለህበትንማ እኔ አልሳፈርም።»