ድንኳን የሌለው ማኅበር

አሊ፣ መልእክትህን ሰማሁት። የሐይቅና የውጫሌ ባጃጅ ነጂዎች ማኅበር እንመሥርት፣ አንተ ደግሞ ሊቀ መንበር ሁን ነው ያልከኝ? ቆይ ባጃጇን ጥግ ላስይዛት። ይሄን እየነዳሁ ብመልስልህ ሐይቁ ውስጥ ነው የምገባው።

ማኅበር አትበለኝ! ወላሂ ይሄን ቃል ስሰማ ያንገሸግሸኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ትለኛለህ። እሺ፣ ድሩን የሚያዳውረው ራሱ አንበሳው ቢሆንስ? እ?

ሰይድን ታውቀው የለ፣ የአጎቴን ልጅ፣ ፓይለቱን? ባሕር ማዶ ነው የሚያበረው። አገሩን አልነግርህም፤ ነገ ቪዛ ልጠይቃቸው እችላለሁ። እዚያ አብራሪ የተባለ ሁሉ የታቀፈበት አገር አቀፍ ማኅበር አላቸው። አርማ አለው፤ በዓመት አንዴ ደግሞ ክራባት የታሰረበት እራት አለው። ሰይድ አባል የሆነ ለት ደውሎ "ከእንግዲህ ማንም አይነካኝም" አለኝ። ቀናሁበት። እኔን እኮ ትራፊኩም ይነካኛል፣ ተራ አስከባሪውም ይነካኛል፣ ፍየል ይዛ የተሳፈረች አሮጊትም ትነካኛለች።

ከዚያ የሰርጉ ነገር መጣ። ዘሀራን ሊያገባ፣ የሸህ ይመርን ልጅ። ሸህ ይመር ደግሞ የቅሬያችን፣ ያው የእድራችን፣ ዳኛ ናቸው። ሰይድ ፈቃድ ተሰጠው፣ ቀን ተቆረጠ፣ ቅሬው ድንኳን ተከለ፣ በሬው ወደቀ። ሙሽራውስ? ዋዜማውን አየር መንገዱ "ፈቃድህ ተሰርዟል፣ ትበራለህ" አለው። የበሬው መታረድ ግን አይሰረዝም። ምን እናርግ? በላነው! ሙሽራ የሌለበት ሰርግ በልተህ ታውቃለህ? ሥጋው ይጣፍጣል፤ ማንን እንደምትመርቅ ግን አታውቅም። ዘሀራ ሂና በተቀባ እጇ እንባዋን ስትጠርግ ሳያት... ተወው።

"ማኅበርህ ጋ ሂዳ!" አልኩት። ሄደ። "ጥያቄህን ተቀብለናል፣ እየታየ ነው" አሉት። እየታየ! ማን ነው የሚያየው? በምን መነጽር? ሲወጣ ደግሞ አብሽር ብለው አርማቸው ያለበት ኮፍያ ሰጡት። ኮፍያ! ሰውዬው ሚስት ሊያጣ ነው፣ እነሱ የተጨነቁት ፀሐይ እንዳይመታው።

ሌላ ቀን ተቆረጠ። ያም ተሰረዘ። ደግነቱ በሬው ሳይወድቅ። እዚህ ላይ ሸህ ይመር ተቆጡ። ልጄን ለምድር ሰው ነው የምሰጥ፣ ውጫሌ ያለ አንድ መምህር ጠይቆኛል፣ ሰይድ አሁንም ከቀረ ለሱ እሰጣታለሁ አሉ። ይሄን ስነግረው ሰይድ ስልክ ላይ አለቀሰ። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ ደመና የሚሰነጥቅ ጎረምሳ!

እኔ ደግሞ መቼ አርፋለሁ? "ለመሆኑ ፈቃድህን የሚሰርዘው ማነው?" አልኩት። ዝም። "ተናገር እንጂ!" ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? የበረራ ፕሮግራም የሚያወጣው ክፍል ኃላፊ። እሱስ ማነው? የማኅበሩ ሊቀ መንበር! ጠዋት ይሰርዛል፣ ከሰዓት በተሰረዘው ያዝናል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። የነዚህ ባል ራሱ ጅቡ ነው!

አርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ሾላው ሥር ሲቀመጥ ጉዳዩን አነሣሁት። ጋሽ መኮንን፣ የቅሬው ምክትል፣ "ማኅበር ካለው ምን ቸገረ? ዳኛ ለዳኛ እንነጋገር" አሉ። የኛ ሽማግሎች ማኅበር ሲባል የሚያውቁት ድንኳን፣ ድስትና ቃሬዛ ያለውን ነው። በቀጠሮ ሰይድ ሊቀ መንበሩ ቢሮ ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እኛ የእኔን ስልክ ከፍተን መሐል አስቀመጥነው። አስተርጓሚው ሰይድ።

ሸህ ይመር ጀመሩ። "ለመሆኑ ድንኳን አላችሁ?"

"የለንም ይላሉ።"

"ድስትስ?"

"እሱም የለም።"

"ሰው ሲሞትባችሁ ማን ይቆፍራል?"

ሰይድ ጠይቆ መለሰ፤ "የኀዘን መግለጫ እናወጣለን ይላሉ።"

ጋሽ መኮንን ብድግ አሉ። "መግለጫ ይቆፍራል እንዴ?"

ሊቀ መንበሩ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲፈታ፣ የአንድ ሰው ጉዳይ ውስጥ አንገባም፣ የምንታገለው ለሁሉም ነው ማለቱ ነው። "አንድ በአንድ ካልቆጠርካቸው ሁሉም ከየት ይመጣል!" ብዬ ጮህኩ። ሸህ ይመር በከዘራቸው ጉልበቴን ነኩኝና ፈረዱ። "ሰይድ፣ ሳታለዝብ ንገረው። ቅሬያችን ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሰው ጋር እሳት አይጫጫርም። ቢድር አንበላለትም፣ ቢሞት አንቀብረውም።"

ሳቄ መጣ። ሰውዬው ባሕር ማዶ ነው ያለው፤ ማን ቅበሩኝ አላችሁ? ሰይድ ግን ቃል በቃል ነገረው። ኋላ ሰውዬው ቀስ ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሰይድም ተረጎመልን። "እስከ ዛሬ... ብሞት ኖሮ ትመጡልኝ ነበር ወይ ይላሉ።"

"ምን ጥያቄ አለው?" አሉ ሸህ ይመር። "ያማቻችን ማኅበርተኛ አይደለም እንዴ!"

ፈቃዱ ጸደቀ፣ አልተሰረዘም። ሰይድ መጣ። ሰርጉን ምን ልበልህ? የሐይቁ ዓሣም ሳይጨፍር አልቀረም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አሊ፣ እሺ እንመሥርት ባልኩህ። ሰይድ ወደ ሥራው ሲመለስ አብራሪ ጓደኞቹ ሊቀ መንበሩን ያስደነገጠ ጀግና ብለው አነሡት። የድሮውን አውርደው እሱን ሊቀ መንበር አደረጉት። እኔም ኮራሁ፤ ፎቶውን ባጃጄ መስታወት ላይ ለጠፍኩት።

ዛሬ ዘሀራን ከገበያ ወደ ቤት ሳደርሳት ፎቶውን አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ምነው አልኳት። ለኢድ ትመጣለህ ወይ ብላ ደውላለት ነበር።

"ታዲያ ምን አለሽ?"

"ጥያቄሽን ተቀብለናል፣ እየታየ ነው።"

ተቀብለናል! እሱና ማን? በሚስቱ ላይ ስብሰባ ጠራባት እንዴ? ፎቶውን እዚያው ገነጠልኩት። ሸህ ይመርም ሰምተዋል፤ ለአርብ ሾላው ሥር ጠርተውናል። የገዛ አማቻቸውን እሳት ሊከለክሉት ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ማኅበር ማለት ይሄ ነው። ንጹሑን ሰው ታስገባለህ፣ ሊቀ መንበር ሆኖ ይወጣል። እኔ አልፈልግም! በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልግ። ከዚህ በኋላ ይሄን ነገር እንዳታነሣብኝ።

ግን አሊ... ኮፍያ ይኖረዋል?