የሥራ ፈላጊዎች አፈ ጉባኤ

ሥራ ፈላጊ ስደተኛ በተጠራቀመበት ቤት ሁሉ «ቋንቋውን ለኔ ተዉት» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ውሃው ይጠፋል፣ መብራቱ ይጠፋል፤ እሱ አይጠፋም። የኛን ቤት ሰው «ክቡር አፈ ጉባኤ» እንላቸዋለን፤ ስለ ሁላችንም የሚናገሩት እሳቸው ናቸውና።

ክቡርነታቸው የሚያውቁት ቃል በጣት ተቆጥሮ ያልቃል፦ «አዎ»፣ «ጎበዝ»፣ «ጠንካራ»፣ «ነገ»። ድፍረታቸው ግን አንድ መዝገበ ቃላት ይወጣዋል። አሠሪው ሲናገር ሲናገር ይቆይና፣ ወደ ሥራ ፈላጊው ዞር ብለው «ደስ ብሎታል» ይላሉ። አሠሪው ሁለት ቃል ብቻ ተንፍሶ ዝም ካለ ደግሞ ትርጉሙ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ይከተላችኋል። «ይችላል ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልሳቸው አንድ ነው። ባንክ ቤት በጸሐፊነት ያረጀውን ሰውዬ፣ በእጃቸው ቢላ እየሠሩ አሳይተው ሥጋ ማከማቻ አስቀጠሩት። ሰውዬው የተሰቀለውን በሬ ሲያይ ተዘረረ። ብንወቅሳቸው ተቆጡ፦ «ሥራ አስገባው አላችሁኝ እንጂ በእግሩ አቁመው አላችሁኝ?»

በቀደም አንድ በያጅ መጣብን። ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጨዋ ቤት ያደገ ልጅ። አገር ቤት ሚስቱ አራስ ናት። ወሩ ሳያልቅ ሥራ ካላገኘ ባዶ እጁን ከመመለስ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

ክቡርነታቸው ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ይዘውት ሄዱ። ባለቤቱ ሁለት የብረት ቁራጭ ወረወረለት። በያጁ ገጠመ፣ በየደ። ባለቤቱ የተበየደውን አገላብጦ አየና የራሱን ጓንት አውልቆ ዘረጋለት፤ ግባ፣ ሥራ ማለቱ ነው። በያጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ራሱን ነቅንቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው አይቀበልም፤ እስኪለመን ይጠብቃል። ባለቤቱ ግን ለምኖ የሚያውቅ አልነበረም። ትከሻውን ሰበቀና ጓንቱን በር ላይ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ሰጠው። ያኛው ወዲያው አጠለቀው።

አፈ ጉባኤው አፋቸውን ከፈቱ። «አዎ» አሉ። «ጎበዝ» አሉ። «ነገ» አሉ። «እምቢ ያለው ሥራውን እየፈለገ ነው» የሚለውን በምን ቃል ይናገሩት? በሰው አገር ሙያ ራሱን ያስረዳል፤ ብየዳ አስተርጓሚ አያሻውም። አስተዳደግን ግን ማን ያስረዳልሃል? እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ የለፋችበት ነገር አንድ ደጃፍ ላይ እንደ እምቢተኝነት ተቆጥሮ ይቀራል።

መንገድ ላይ በያጁ፣ «ጋሼ፣ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወዶሃል። ቦታ ሲገኝ እጠራዋለሁ ነው የሚለው።»

«አላጠፋሁም አይደል?»

«አንተ ደግሞ! ምን ታጠፋለህ?»

ይህን ብለው ክቡርነታቸው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

የራሳቸው እንጀራ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ስለሚጮሁ እዚያ ማንም ማንንም አያናግርም። ማታ ራት ላይ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉና፣ «ከነገ ጀምሮ ግማሹን ቀን በኔ ፈንታ ትገባለህ፤ ከአለቃው ጋር ጨርሻለሁ። ወገቤን እያመመኝ ነው» አሉት። ወገባቸው ምንም እንዳልሆነ ቤቱ በሙሉ ያውቃል።

የበያጁ እጅ ደረቱ ላይ ሄደ። «ኧረ ጋሼ፣ አይደረግም።»

«ግባ አልኩህ እኮ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቅርብኝ።»

ወንበራቸውን ወደሱ ሳቡ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!»

በያጁ አቀርቅሮ፣ «እሺ» አለ።

አሁን ሁለቱም ግማሽ ሠራተኛ ናቸው፤ ወደየቤታቸውም የሚልኩት ግማሽ ነው። አፈ ጉባኤው ዛሬ ጠዋት አንድ አናጢ ይዘው ወጥተዋል፤ «ምግብ አብሳይ ነው» ሊሉት እንደሆነ ከእጃቸው አወዛወዝ ገብቶኛል። ከነውሸታቸው ያኑርልን።