ሊቀ ሰሌዳ ጋሽ የሺዋስ

ማስታወቂያ ሰሌዳ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ከሰሌዳው ፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የቆመ አንድ ሰው አለ። ሥራ ፈላጊ ነው፤ ግን አይመዘገብም። ሁሉንም ያነባል፣ ሁሉንም ያውቃል፣ በሁሉም ተስፋ ቆርጧል። እናንተ የትምህርት ማስረጃችሁን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ትንፋሽ አጥሯችሁ ስትደርሱ፣ እሱ አንብቦ ጨርሶ ፍርዱን ሰጥቷል። ይህን ሰው አላየሁትም የሚል ካለ፣ ወይ ከሥራ ተቀንሶ አያውቅም፣ ወይ ራሱ ያ ሰው ነው።

የደብረ ታቦሩ ጋሽ የሺዋስ ይባላሉ። እኛ ከየሥራችን የተቀነስነው ግን በሌሉበት «ሊቀ ሰሌዳ» እንላቸዋለን። ማዕረጉን ማንም አልሰጣቸውም፤ ማንም ደግሞ አይነፍጋቸውም። ጠዋት የጉና ብርድ ከከተማው ሳይወጣ፣ ባጃጆቹ የመጀመሪያ ተሳፋሪ ሳይጭኑ፣ ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ደርበው በቦታቸው ይገኛሉ። ማስታወቂያ የሚለጥፈው ሠራተኛ ሙጫውን ሲቀባ ወረቀቱን የሚይዙለት እሳቸው ናቸው። ለጥፎ ሲሄድ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና ከርእሱ እስከ ማኅተሙ ያነባሉ። ከዚያ ወደ እኛ ይዞራሉ። መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይሄ ሰው አለው» ይላሉ።

መቼም ለአገሬ ሰው ይህን መተርጎም አያስፈልግም። ሥራው ገና ሳይለጠፍ ለአንድ ለታወቀ ሰው ታስቧል፣ ወረቀቱ ለይስሙላ ነው፣ እናንተ ወደ ቤታችሁ ግቡ ማለት ነው።

በምን አወቁ ቢሏቸው ማስረጃ ሞልቷቸዋል። ወረቀቱ ከፍ ብሎ ከተለጠፈ፣ እንዳይነበብ ተፈልጎ ነው። ዝቅ ብሎ ከተለጠፈ፣ ሰው እንዳይጠረጥር ነው። «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው ቢሆን ይመረጣል» የሚል ከተገኘበት፣ «ሞተር ያለው ልጅ ነው፤ ልኩን ወስደው ነው የሰፉለት» ይላሉ። ምንም የተለየ ነገር ያልጠየቀ ማስታወቂያ ደግሞ ይብስባቸዋል። «ሰውየው ምንም የማያውቅ ነው ማለት ነው» ብለው በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ ቀን ከሥራ ማስታወቂያዎቹ መሃል የጠፋ በሬ የሚፈልግ ገበሬ ወረቀት ለጥፎ ነበር። ሊቀ ሰሌዳ እሱንም በዚያው መነጽር፣ በዚያው ጥሞና እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ይሄም ሰው አለው» አሉ።

ከእኛው አንዱ ደምሴ ስልኩን አውጥቶ በቴሌግራም የሚለቀቀውን የሥራ ማስታወቂያ ሲያሳያቸው ቢያንስ እዚህ ላይ ይረታሉ ብለን ነበር። ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ያዙትና «የዚህ ሰውማ አዲስ አበባ ነው ያለው» ብለው መለሱለት። ላቀው የሚባለው ጓደኛችን ደግሞ ትምህርታቸው ከአንጀቱ ገብቶ ኖሮ፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቶ «ለምን አንተን እንቀጥርሃለን?» ሲሉት «ሰው እንዳለው አውቃለሁ፤ ለልምድ ብዬ ነው የመጣሁት» ብሏቸው ወጣ።

አለምወርቅ ግን አንድ ጊዜ አስቸገረቻቸው። ከአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል እንደ እኛው የተቀነሰች፣ ከሌላ አካባቢ የመጣች፣ እዚህ ዘመድም የምታውቀው ባለሥልጣንም የሌላት ልጅ ናት። «ሰው አለው» ያሉትን ሥራ ተወዳድራ አገኘችው። ተሰብስበን ሊቀ ሰሌዳን አፋጠጥናቸው። ጥቂት አሰቡና «እሷ ናታ ሰውየዋ። መሆኗን አልነገሯትም ነበር እንጂ» አሉ።

ከሁሉ በላይ የሚማረሩባቸው ወይዘሮ ከድጃ ነበሩ። ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ከሰሌዳው ፊት ለፊት ነው፤ ሥራ ፈላጊ ካልተመዘገበ ማሽናቸው አይሞቅም። «ጋሽ የሺዋስ፣ አላህ ይይልዎ፤ ደንበኛዬን እኮ በሙሉ ከደጄ መለሱብኝ» ይሏቸዋል። «ወረቀት ቆጠብኩላቸው እንጂ ምን አደረግኩ» ይላሉ እሳቸው። ዝናብ ሲመጣ ግን የሚጠለሉት እዚያው የከድጃ በረንዳ ላይ ነው፤ ወንበሩን ጠርገው የሚያስቀምጧቸውም ከድጃ ናቸው።

እኔና ጋሽ የሺዋስ ከሥራ የወጣነው በአንድ ቀን ነው። በውጭ እርዳታ በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ እሳቸው የመጋዘን ኃላፊ፣ እኔ ረዳታቸው ነበርን። አንድ ቀን በአዳራሽ ሰበሰቡንና ከዋናው ቢሮ የመጡት ኃላፊ «እኛ ቤተሰብ ነን» ብለው ንግግራቸውን ጀመሩ። ጋሽ የሺዋስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አለቀልን» አሉኝ። አልተሳሳቱም። ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ተቋርጦ ነበር፤ ቤተሰቡ በወሩ ተበተነ። የመጨረሻው ቀን ባዶውን መጋዘን ራሳቸው ጠረጉት፣ ቆለፉት፣ ቁልፉን አስረከቡ። መንገድ ከጀመርን በኋላ ቆም አሉና ተመልሰው ሄዱ፤ ጓጉንቸሩን ሳብ ሳብ አድርገው መቆለፉን አረጋግጠው መጡ። ውስጡ ምንም እንደሌለ ከእኔ በላይ ያውቁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኑሯቸው ሰሌዳው ፊት ሆነ። ለእሳቸው የሚሆነው ሥራ ሁሉ «ዕድሜው ከአርባ አምስት ያልበለጠ» ይላል፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ካለፉ ቆይተዋል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዝናሽ «ወንዛዬ ወርደው ፍል ውኃው ውስጥ ትንሽ ይሰንብቱ» እያሉ ቢለምኗቸው «በሌለሁበት ቢለጠፍስ» ብለው እምቢ አሉ። ቢለጠፍም እንደማይመዘገቡ እትዬ ዝናሽም ያውቃሉ።

እኔ ግን አንድም ቀን ሰምቻቸው አላውቅም። «ሰው አለው» ሲሉኝ «እሺ ጋሼ» እላለሁ፣ በከድጃ ቤት በኩል ዞሬ እመዘገባለሁ። «አንተ ልጅ ጆሮ የለህም» ይሉኛል። እፈተናለሁ፣ እወድቃለሁ። ውጤት ሲለጠፍ ስሜ አለመኖሩን ከእኔ ቀድመው ያዩና ትከሻዬን ይዘው «ሰው ነበረው» ይሉኛል። ይህች ቃል ምን ያህል መድኃኒት እንደነበረች የገባኝ ቆይቶ ነው። ቤቴ ገብቼ ለነፍሰ ጡሯ ሚስቴ ለትዝታ «ወደቅኩ» ማለት አይኖርብኝም ነበር። «ሰው ነበረው» እላታለሁ፤ እሷም ዘመኑን ትራገማለች እንጂ እኔን አትታዘበኝም። ሊቀ ሰሌዳ ተስፋችንን ይወስዱብን ነበር፤ እፍረታችንንም አብረው ይወስዱልን ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ማስታወቂያ ወጣ። የመጋዘን ኃላፊ፣ ብዛት አንድ፣ ዲፕሎማና ረጅም የመጋዘን ልምድ ያለው። ዕድሜ አይገድብም ይላል። ሳነበው ልቤ ደነገጠ፤ ጋሽ የሺዋስን ፊታቸው አስቀምጠው የጻፉት ነው የሚመስለው። የተጠየቀውን እኔም አሟላለሁ፤ ግን ሥራ ካስተማሩኝ ሰው ጋር በምን ዓይኔ እወዳደራለሁ? እሳቸውም አነበቡት። ከወትሮው ረዘም አድርገው ቆዩ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይሄ ሰው አለው። በከንቱ እንዳትለፉ» አሉ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሊቀ ሰሌዳ በመጨረሻ ተንኮል ተማሩ ብዬ አሰብኩ፤ ሰዉን መልሰው ብቻቸውን ሊመዘገቡ ነው። ስለዚህ አገዝኳቸው። ላቀውንም፣ ደምሴንም፣ እዚያ የሚቆመውን ሁሉ በየተራ ጥግ እያስያዝኩ «ይህቺን ለጋሼ እንተውላቸው። እንዳትነግራቸው ደግሞ፤ ይከፋቸዋል» አልኩ። ሁሉም እሺ አለ። የቤት ኪራይ የቸገረው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያስወጣ የደረሰ ሰው ሁሉ ሳያንገራግር እሺ አለ። ይሉኝታችን እንዲህ ነው፤ ሲያስፈልግም ሳያስፈልግም አለ።

ምዝገባው ክፍት በነበረበት ሳምንት ጋሽ የሺዋስ ፊቴን ያጠኑኝ ነበር። እኔም የእሳቸውን አጠናለሁ።

«ዛሬ የት ነበርክ?» ይሉኛል።

«እዚሁ።»

«ወደ ዩኒየኑ በኩል አልሄድክም?»

«ምን ላደርግ ጋሼ? ሰው አለው ብለውኝ የለም እንዴ።»

ወደ ሰሌዳው ዞር ይላሉ። እኔ ደግሞ ምስጢራቸውን ሊያወጡ ስላልፈለጉ ነው እላለሁ በልቤ። ሰምቻቸው የማላውቀውን ሰው ያን ሳምንት ብቻ ቃል በቃል ሰማኋቸው።

ሥራውን አንድ የአንበሳሜ ሰው ወሰደው። ለገበያ መጥቶ ማስታወቂያውን ያየ፣ ጋሽ የሺዋስ ሲናገሩ ያልሰማ፣ እኔም ጥግ አስይዤ ያላነጋገርኩት ሰው ነው። ምንም ክፋት የለበትም። አነበበ፣ ተመዘገበ፣ አገኘ።

ወሬውን የነገሩን ወይዘሮ ከድጃ ናቸው። ዝናብ ነበር፤ እኔና ጋሽ የሺዋስ በረንዳቸው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። «ብቻውን ተመዝግቦ ብቻውን አለፈ አሉ» አሉ ከድጃ። «አለው ያላችሁት ሰው የት ገባ?»

ጋሽ የሺዋስ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አልተመዘገብክም?»

«እኔ? እርስዎ አልተመዘገቡም እንዴ?»

«እኔማ ላንተ ብዬ» አሉ። «ሚስትህ ልትወልድ ነው። ሰው እንዳይሻማህ ብዬ ነዋ እንደዚያ ያልኩት። አንተ እንደሁ እኔን ሰምተህ አታውቅ፤ እንደ ልማድህ ትመዘገባለህ ብዬ።»

«ታዲያ ቢነግሩኝስ ምናለ?»

«ብነግርህ ትመዘገብ ነበር?»

አልመዘገብም ነበር። እኔ ብነግራቸው እሳቸውም አይመዘገቡም ነበር። ከድጃ ሁለታችንንም ተራ በተራ ሲያዩን ቆዩና «አላህ ይመልሳችሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ» ብለው ወደ ማሽናቸው ገቡ። ይህን ለሰው ስናገር ይስቃል። እኛ ግን ያን ቀን አልሳቅንም። እስከ ዛሬም ይቆጨኛል፤ እዚያ ሰሌዳ ላይ በስንት ጊዜ አንዴ በርግጥ ሰው ሳይኖረው የወጣ ሥራ ነበር፣ ተከባብረን አሳለፍነው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ የሺዋስ ያቺን ቃል ተዉ። አዲስ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ያነባሉ፣ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፣ ዝም ይላሉ። ሰው እያየ ይመዘገባል፤ የከድጃ ማሽን ይሠራል። ሲወድቅ ግን የሚያጽናናው የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ውድቀት ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስናሾፍባቸው የከረምነው ሁሉ ድምፃቸው ናፈቀን።

አንድ ቀን ወደ እኔ መጥተው «ከእንግዲህ ሁለታችንም እንመዘገባለን። ያሸነፈ ይያዘው፤ መቀያየም የለም» አሉኝ። ተጨባበጥን።

በቅርቡ አንድ መሥሪያ ቤት ዕድሜ ሳይገድብ ለዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲፈልግ በቃላችን መሠረት አብረን ተመዘገብን። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ከእኔ ፊት ባለው ወንበር ተቀመጡ። ጥያቄው በሙሉ የመጋዘን ሥራ ነው፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱበት። ከሁሉም ቀድመው ተነሱ። ለማስረከብ በአጠገቤ ሲያልፉ ወረቀታቸውን አየሁት። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ስማቸውን ጽፈዋል፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ነጭ ነበር።

ተናደድኩ። ተነስቼ እዚያው ሰው ፊት ልቆጣቸው ዳድቶኝ ነበር። የእኔንም ነጭ አድርጌ ልውጣ አልኩ፤ ደግሞ እንደዚያ ካደረግኩ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን እንደምንቀር ታየኝ። ሚስቴ ትዝታ ታየችኝ። ዓይኔን በእጅጌዬ ጠረግኩና መጻፍ ቀጠልኩ፤ የማውቀውን ሁሉ፣ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ።

ስወጣ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ደህና ነው። እርስዎስ?»

«ከበደኝ» አሉ ወደ መንገዱ እያዩ። «ዕድሜም ነው መሰል፣ ሞዴል ሃያ ሁለት ምን እንደሆነ ጠፋኝ።»

ሞዴል ሃያ ሁለት ዕቃ ከመጋዘን ሲወጣ የሚሞላ ቅጽ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ስሳሳት ሳይቆጡ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለው ደጋግመው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ያጋጥማል ጋሼ» አልኳቸው። ክንዳቸውን ያዝኩና ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን።